ሲመጣ የሚለብሰው

ውድ ቢያድግልኝ፣

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል። እኔ ጤናህን አልጠይቅም። በእኛ በኩል እማ አለች፤ ጉልበቷ ግን ደክሟል። እኔም ገበያው ዳር ያለችውን የልብስ ስፌት ቤቴን ከፍቼ እውላለሁ። ዘንድሮ ገብሱ ደህና ነው።

የምጽፍልህ ባለፈው ጥቅምት ጫካህን ልናይ ሄደን ስለነበር ነው። ከእማ ጋር። «ጅብ የሚያድርበትን ለማየት ሰው ባሕር አቋርጦ ይመጣል?» እያለች ትስቅብህ ከነበረችው ከእማ ጋር። አንተ ስንት ዓመት እዚያ እንግዳ ስታስጎበኝ አንድ ቀን እንኳ መጥታ አይታው አታውቅም።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ከአቀስታ አብሮህ የወጣው ፈንታው በሐምሌ ተመለሰ። ቤታችን መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ግባ ብንለው አልገባም። የተሳፈራችሁባት ጀልባ ከጅቡቲ ጠረፍ ብዙ ሳትርቅ መገልበጧን፣ እሱን ዓሣ አጥማጆች እንዳወጡት፣ አንተን ከዚያ ወዲያ እንዳላየህ ነገረን።

«ሲሰጥም አየኸው?» አለችው እማ።

«ጨለማ ነበር፣ እማማ።»

«አየኸው ወይስ አላየኸውም?»

«አላየሁትም።»

«እንግዲያው ምን ልትነግረኝ መጣህ?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። በዚያው ቀን ልብሶችህን ለቃቅማ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው። ለጥምቀት የሰፋሁልህን ሸሚዝ ሳይቀር። ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው።

ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አንተም ታውቀዋለህ፤ የአክስታችንን ልጅ ያለቀስነው እንዲያ አይደል? አስከሬን ከሌለ ልብሱ አልጋ ላይ እንደ ሰው ይዘረጋል፤ ሸሚዙ ከላይ፣ ሱሪው ከታች። ሰው ይሰበሰባል፣ እዚያ ላይ ይለቀሳል፣ እርም ይወጣል። ልብስ ካልተገኘ ለቅሶ የለም። ለቅሶ ካልተቀመጥን ደግሞ፣ በእማ ቤት፣ አልሞትክም።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ አሳምነው ሽማግሌ ይዘው መጡ።

«ወርቄ፣ ባዶ አልጋ ላይ አይለቀስም። አንድ ሸሚዝ ስጪንና እርማችንን እናውጣ።»

«ሰጥቼ ሲመጣ ምን ይለብሳል? እርቃኑን ይዙር?»

«ኧረ እግዜርን ፍሪ!»

«ያንቱ ልጅም ጎንደር ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ሰንብቷል። የሱን ሸሚዝ ያምጡና እናልቅስለት።»

ጋሽ አሳምነው ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ የሚደፍራት ጠፋ።

እኔ ግን ማልቀስ ፈልጌ ነበር። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እግዜር ያጽናሽ» ሊል ይጀምርና «እንዴት ነሽ» ብሎ ያልፋል። የጎረቤት ሴቶች ጥቁር ልብስ ሊያሰፉ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ እኔ ለራሴ መስፋት አልቻልኩም። እማ ራት በተበላ ቁጥር ድርሻህን በሰሃን ትከድናለች። ጠዋት እኔ እበላዋለሁ። እንዲህ ስንት ዓመት ልንቆይ እንደምንችል አሰብኩና ፈራሁ።

በመስከረም ማብቂያ ካፖርትህ ትዝ አለኝ። መንገዱ ሲዘጋ መጀመሪያ ፈረንጁ ቀረ፣ ቀጥሎ የአዲስ አበባው እንግዳ ቀረ፣ ሥራ ፈትተህ ስትቀመጥ ቆየህና አንተም ሄድክ። ስትሄድ አረንጓዴውን ካፖርት «ባሕር ማዶ ሙቀት ነው» ብለህ እዚያው ጫካ ለቀረው ጓደኛህ ለአሕመድኑር ተውክለት። ክርኑ ሲበላ ከእማ አሮጌ ቀሚስ ቀይ እራፊ ቆርጬ የጣፍኩልህን፤ ጓደኞችህ የሳቁብህበትን። እሱ ሳጥኑ ውስጥ የለም። እሱን አምጥቼ አልጋ ላይ እዘረጋዋለሁ አልኩ።

«ጫካ ልሄድ ነው» አልኳት።

«ምን ልታደርጊ?»

«ካፖርቱን ላመጣ።»

 ምርኩዟን አነሳች።

«እኔም እሄዳለሁ። እሱንም አትወስዱብኝም።»

እንዲህ ሆነን ሄድን፤ እኔ ለአልጋው፣ እሷ ለሳጥኗ። እስከ መገንጠያው አይሱዙ አደረሰን፤ ከዚያ በእግር። ሜዳው የጓሳ ሣርና የጅብራ ተክል ነው፣ ጉሙ ምድር ላይ ተኝቷል። እማ በየጉብታው እያረፈች «በዚህ ብርድ ነው የሚውለው?» ትላለች። 

ጉሙ ሲገለጥ ከጫካው አፍ ላይ ጀርባውን የሰጠን ሰው ቆሟል። ረጅም ነው። አረንጓዴ ካፖርት፣ ክርኑ ላይ ቀይ እራፊ።

እማ ምርኩዟን ጣለች።

«ቢያድግልኝ!»

ሮጠች። ያ ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ቢያድግልኝ! የኔ ጌታ!» እያለች፣ ነጠላዋ ወድቆ ሣሩ ላይ ቀርቶ። ካፖርቱ ማን ዘንድ እንዳለ እኔ አውቃለሁ፤ ይዤ ላስቀራት እችል ነበር። ግን እኔም ሮጥኩ።

ሰውየው ዞረ። አሕመድኑር ነው።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባው። ካፖርቱን ሊያወልቅ ቁልፎቹን መፍታት ጀመረ።

«አውፍ በሉኝ እማማ ወርቄ። ወላሂ ብርዱ ነው… ብርዱ እንጂ…»

እማ ፊቱ ቆማ አየችው። እጇን ዘርግታ እራፊውን ነካችው፤ የራሷን ቀሚስ። ነጠላዋን አምጥቼ አለበስኳት፤ ያወቀችው አይመስለኝም። 

«አታውልቅ» አለችው። «እዚህ ምን ሲያደርግ እንደሚውል አሳየኝ።»

አሕመድኑር ለእንግዳ እንደሚያደርገው ከፊት ሆነ፤ እኛ ተከተልን። ሌሎቹ አስጎብኚዎች ወደ እርሻቸው ተመልሰዋል፤ እሱ ጥበቃ ተቀጥሮ ቀርቷል። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ነበር።

«እዚህ ጋ ምን ይላል?» አለችው።

«‹እነዚህ ሣር እንጂ ሥጋ አያውቁም፤ ጾም በማጥበቅ ከኛ ይበልጣሉ› ይላቸዋል።»

«እሱ መች ጾሞ ያውቃል!»

«እኛ ቤት በረመዳን እንኳ ምሳ ይጠይቅ ነበር» አለ አሕመድኑር። እማ ራሷን ነቀነቀች፤ እንግዳ ነገር አልሆነባትም።

ወደ ውስጥ ገባን። እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፣ ወንድሜ። የአስታው ግንድ ከእድሜው ብዛት ተጠማዟል፣ ከቅርንጫፉ ሽበት የሚመስል ነገር ተንጠልጥሏል፣ ዝናብ ሳይኖር ይንጠባጠባል። ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው አዩን። መሬቱ ለስላሳ ስለሆነ የራሳችንን ኮቴ አንሰማም።

«እዚህስ?»

«‹ስሙ ደንቆሮ ጫካ ነው፣ ግን ሁሉን ይሰማል፤ ድምፃችሁን ቀንሱ› ይላል። ፈረንጆቹ ይንሾካሾካሉ።»

ከዚያ በኋላ እማም በሹክሹክታ ሆነች።

ትልቁ ኮሶ ዘንድ ስንደርስ አሕመድኑር ሊያልፈው ፈለገ።

«እዚህስ?» አለችው።

«ይቅር፣ እማማ።»

«ተናገር እንጂ።»

«‹እናቴ እንጨት ልትለቅም መጥታ ምጧ መጣ፤ እዚህ ኮሶ ሥር ወለደችኝ። ከኔ በፊት የወለደቻቸው አላደጉላትም፤ እኔን ጫካው አሳደገላት› ይላቸዋል። አንዷ ፈረንጅማ አልቅሳ አቅፋዋለች። ዛፉን።»

«ውሸታም!» አለች እማ። ሹክሹክታውን ረሳችው። «ጤና ጣቢያ አይደል እንዴ የወለድኩት! ያቺ ነርስ ‹ዝም በይ› እያለች ስትቆጣኝ!»

ሳቀች። ከሐምሌ ወዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። አሕመድኑርም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። እኛ አቆምን፤ እሷ አላቆመችም። ግንዱን ተደግፋ እየሳቀች ወደ ታች ወረደች፣ ሥሩ ላይ ተቀመጠች፤ ያኔ ሳቅ አልነበረም።

«አደገ እኮ» አለች። «አድጎልኝ ነበር እኮ።»

አሕመድኑር ፊቱን አዙሮ ቆመ። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማንም አላባበላትም።

ስንመለስ ጫካው አፍ ላይ አሕመድኑር ካፖርቱን አውልቆ አጣጥፎ በሁለት እጁ ዘረጋላት። እኔ እንድትወስደው ጠበቅኩ፤ ወስዳ ሳጥን እንድትከተው።

«ልበሰው» አለችው። «አንተን ይበርድሃል። እሱን አይበርደውም።»

ቤት እንደገባን ቁልፉን ከአንገቷ ፈታች። ሸሚዝህን ሰጥታኝ ተኮስኩት። አልጋው ላይ የዘረጋችው ራሷ ናት፤ አንገቱን ቆለፈች፣ እጅጌውን አስተካከለች። በኅዳር ለቅሶ ተቀመጥን። ከአጅባር ዘመድ መጣ፣ ከከተማ እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ። ጋሽ አሳምነው ከሁሉ በላይ አለቀሱ፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅናቸውም። አሕመድኑር በካፖርቱ መጣ፤ እማ ደረቱን እየመታች ስታለቅስ እንደ ግድግዳ ቆመላት። እኔም አለቀስኩልህ። እስኪበቃኝ።

ሊሄድ ሲነሳ እማ ለአሕመድኑር «እንግዳ ሲመጣ እዚያ ኮሶ ሥር ነው የተወለደው በላቸው» አለችው። ቃል ገባላት። የሙት ዓመትህ ሲደርስ ወደዚያ ይዣት እሄዳለሁ፤ ይህን እኔም ላንተ ቃል እገባልሃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እማ ልብስህን ስታወጣ ከሳጥኑ ሥር ጥቁሩን ጫማህን አየሁት። አሳምራ ቀብታዋለች።

«ጫማውስ?» አልኳት።

«አልጋ ላይ ጫማ ምን ያደርጋል» አለችና ሳጥኑን ቆለፈችው።

ራት ስንበላ ሰሃን መክደኑን ትታለች። ቁልፉ ግን ወደ ማተቧ ተመልሷል። እኔም ዝም ብያታለሁ።

ደህና ሁን፣ ወንድምዓለም።

እህትህ የትምወርቅ
መካነ ሰላም