ጅንን ያሉህ ባሌ

ደረጀ፣ የኔ ጌታ፣

እንደምን ሰነበትክ አልልህም። ዝናቡ ሳያባራ ነበር ጥለኸን የሄድከው፤ አሁን የሱሉልታ ሜዳ ሣሩ ታጭዶ፣ የጠዋቱ ውርጭ አጥንት ይሰብራል። ልጃችን ሊዱ አራተኛ ክፍል ገብታለች። ቴሌቪዥኑም ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ ጎረቤት እስኪሰማ የሚያስጮኸው ሰው የለም።

ይኸውልህ፣ ከቀበርንህም በኋላ ያ ስም አልለቀቀህም። ጅንን። ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ በአጥሩ ላይ አካም ቡልቴ ብለው እንደምን አደርክ ሲሉህ ቀጥ ብለህ ታልፋለህ፤ ባለሱቁ ከኋላ ቢጠራህ አትዞርም። ኩሩ ሰው እኮ የሚኮራበት ነገር አለው። ጅንን ግን ባዶ ኪሱን ይዞ የሚኮፈስ ነው። አንተን፣ ከጫማህ የድንጋይ አቧራ የማይለቀውን ሰው፣ እንዲህ ይሉህ ነበር። እኔም እውነቱን ለማንም አልተናገርኩም፤ አስምለኸኛላ።

የእብነ በረድ መቁረጫው ጩኸት ጆሮህን እንደበላው ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል? መጀመሪያ ግራው፣ ቆይቶ ሁለቱም። አሠሪዬ ካወቀ ያባርረኛል አልክ፤ ቀጥለህ ግን እውነተኛውን ምክንያት ነገርከኝ። በእኛ አገር ጆሮው የማይሰማም ደንቆሮ ነው፣ ጭንቅላቱ የማይሠራም ደንቆሮ ነው፤ ያለን አንድ ቃል ነው። ጅንን ቢሉኝ ይሻለኛል፣ ጅንንን ሰው ይፈራዋል እንጂ አይስቅበትም አልክና ሳቅህ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ አውቀህ አንገትህን ቀጥ፣ ደረትህን ነፋ ማድረግ ጀመርክ።

ያን የሞትክበት ቀን የጭነት አይሱዙው ወደኋላ ሲመጣብህ ጥሩንባ ነፍቷል፣ ሰውም ጮኋል አሉ። ሮጦ የጎተተህ ግን የለም። ሲጀነን ነው፣ አሁን መንገድ ይለቃል ብለው ቆመው አዩህ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ኩራቱ ገደለው ሲሉ ሰማሁ። ኋላ ደግሞ ሊዱ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ አባዬ ለመኪና አልለቅም ብሎ ነው ወይ የሞተው አለችኝ። እሱን መቻል አቃተኝ፣ ደሬ።

በአርባህ ቀን ሰዉ ቀምሶ ሊነሳ ሲል ቆምኩና ቃሌን በላሁ። ባሌ ደንቆሮ ነበር አልኳቸው። በዚያው በጠላኸው ቃል፤ የለሰለሰ አልፈለግሁለትም። ኦቦ ቶሎሳ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። ለዕርቅ ሽማግሌ ይዞ የመጣው የአይሱዙው ሹፌርም ቀና ማለት አቃተው። ለልጄ ስል ነው ያደረግሁት፤ ከፈለግህ ተቀየመኝ።

አሁን ጅንን የሚልህ የለም። ምስኪን ነው የሚሉህ። በየደጁ፣ በየሱቁ፣ ምስኪን። ይህን ብትሰማ ሌላ ሞት ነበር። እኔ ግን አልልህም። እስክከተልህ ድረስ የማስታውስህ ማንም ፊት አንገቱን ሳይደፋ እንደሄደ ሰው ነው። ልጃችንም አድጋ ጅንን ምን ማለት ነው ብላ የጠየቀችኝ ቀን፣ አባትሽ ከድንጋዩ ይበልጥ የደከመበት ሥራ ነው እላታለሁ።

ያንተው አልማዝ