የማህጁብ ሚዛን

ውድ ሀብቱ፣

ደህና መሆንህን የሥራ ባልደረባህ በኃይሉ ነግሮኛልና ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። ይህን ወረቀት የሰጠሁትም ለእሱ ነው፤ እጅህ ላይ ካላደረሰልኝ ሁለተኛ ከቤቴ ምሳ እንደማይቀምስ ነግሬዋለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ፣ የልጃችንን የሕብረትን ነገር ባነሳሁ ቁጥር የጉባ ኔትወርክ ይቆረጣል። ስለ በግ ዋጋ ስናወራ ግን ተቆርጦ አያውቅም። እንግዲህ ወረቀት አይቆረጥምና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ልጅህ በአሥራ አምስት ዓመቷ ሰማንያ ስምንት ኪሎ ሆናለች። ደስ እንዳይልህ። ባለፈው ሳምንት ባጃጁ የቀረ ቀን የትምህርት ቤቱን ዳገት በእግሯ ስትወጣ ትንፋሽ አጥሯት መንገድ ላይ ተቀመጠች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ የወርቅውሃ የምትባለው ነርስ ደሟን መርምራ ስኳሯ ከፍ ማለት መጀመሩን ነገረችኝ። ገና በሽታ አልሆነም፣ አሁን ከጠነከራችሁ ይመለሳል አለች። እንደ ሕብረት ያሉ ልጆች ዘንድሮ በዝተውባታል። ምን እንደምትጠጣ፣ በእግሯ ትሄድ እንደሆነ፣ ትጫወት እንደሆነ ስትጠይቀኝ መልሴ ሁሉ አንተ ሆንክ። ለስላሳ በሳጥን የምትልከው አንተ ነህ። ፀሐይ እንዳይመታት ብለህ ባጃጅ በወር ኮንትራት ያዝክላት። ከሰፈር ልጆች ጋር መረብ ኳስ ስትጫወት ደግሞ፣ ሴት ልጅ አቧራ ላይ ምን ትሠራለች ብለህ ስልክ ገዝተህ ሶፋው ላይ አስቀመጥካት። ከልክ በላይ የተጫነ መኪና አልነዳም ብለህ ከአለቃህ ጋር የምትጣላ ሰው፣ ለልጅህ ጉልበት አላዘንክም።

የወርቅውሃ ሰምታኝ ስታበቃ "እርስዎስ?" አለችኝ። አፈርኩ። ጎረቤት "ሕብረትዬ ተመችቷታል" ባለ ቁጥር ለእኔ ሙያ የተሰጠ ምስጋና ይመስለኝ ነበር። ጠገብኩ እያለች አንድ ጉርሻ ለእኔ እያልኩ ስንቱን አጎረስኳት።

ሚዛኑን ግን ይቅር ልልህ አልቻልኩም። ከየት እንደመጣ አልረሳሁም። ሦስት ዓመቷ ሳለ ወባ ጥሏት፣ ኪሎ ከጨመረች ትተርፋለች ሲሉን፣ በየሳምንቱ ታቅፈሃት ገበያ ወርደህ እህል ነጋዴው ማህጁብ ማሽላ የሚመዝንበት ሚዛን ላይ ታስቀምጣት ነበር። ግማሽ ኪሎ የጨመረች ቀን ሱቁ በር ላይ ቆመህ አለቀስክ። እንደዚያ ቀን ወድጄህ አላውቅም።

ግን ሀብቱ፣ ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። ዛሬም ከጉባ በመጣህ ቁጥር ቦርሳህን አስቀምጠህ እጇን ይዘህ ወደ ማህጁብ ትወርዳለህ። ገበያተኛ ፊት ከጆንያ ጎን ታቆማታለህ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለህ ታነባለህ፣ ስለ ጨመረችው ኪሎ ብስኩት ታድላለህ። ለመስቀል የመጣህ ጊዜ የክፍል ጓደኞቿ ቆመው ይስቁባት ነበር። አብረውህ የተደሰቱ መስሎህ ለእነሱም ብስኩት ሰጠሃቸው።

ማህጁብን ሄጄ ሚዛኑን እንዲከለክልህ ለመንኩት። "እኔ ሚዛን የገዛሁት ለማሽላ ነው" አለኝ። "ሀብቱ ወንድሜ ነው፣ እምቢ ማለት አፍራለሁ። አንቺ ንገሪው፤ ወላሂ ደስ ይለኛል።" ይኸው ነገርኩህ።

በኃይሉ ለጥምቀት እንደምትመጣ ሲነግረን ሕብረት ምሳዋን ትታ ተነሳች። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ከውሃ በቀር አልቀመሰችም። ለምኜ ሲያቅተኝ ተቆጣኋት። ያን ጊዜ ነው አልቅሳ፣ "እማ፣ ስንት ኪሎ ስሆን ነው አባዬ ዳነች የሚለው?" ያለችኝ።

አባትሽ ሲመጣ ሚዛን ላይ መውጣት የሚባል ነገር የለም ብዬ ቃል ገባሁላት፤ እህል የቀመሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቃል እንዳታስበላኝ።

ባጃጁን አሰናብቻለሁ። ጠዋት ጠዋት በእግራችን አብረን እንሄዳለን፤ ከእሷ ይልቅ የማለከልከው እኔ ነኝ። የለስላሳ ሳጥንህን በኃይሉ መልሶልሃል፤ አንተም አትጠጣው፣ ሆድህን አይቼዋለሁ።

ስትመጣ ምንም አትያዝ። ቦርሳህን እንደ ልማድህ አስቀምጥ፣ እጇንም ያዝ። ከዚያ ወደ ገበያ ሳትወርድ እዚያው ደጃችን ላይ ለጥያቄዋ መልስ ስጣት። ድነሻል በላት፣ ሀብቱ። ከአንተ አፍ ሰምታው አታውቅም።

ባለቤትህ ትሩፋት
አሶሳ