በሁለት አምፕ የሰማሁህ

ለውድ ወንድም ጋሼ፤

እንዴት ነህልኝ? ሰውነትህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃውን እሺ ብሎ መውጣት ጀመረ፣ ወይስ አሁንም መሃል ላይ እየቆመች ጎረቤት ሰላም የምትል ትመስላለች? ባለቤትህ ደህና ናት? ሚጣስ? የወለቁት ጥርሶቿ በቀሉ፣ ወይስ እስካሁን ስትስቅ አፏን በእጇ ትከድናለች? እኔ ደህና ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ሰንብቶ ለቀቀኝ። ክፍል ቀይሬ ወደ መንገዱ የሚያይ መስኮት አግኝቻለሁ፤ ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ ጫጫታውን ግን አብረው ነው ያከራዩኝ።

ደብዳቤ መጻፌ አይግረምህ። በስልክ ብነግርህ ገና ሳልጀምር «እሺ፣ እሺ፣ ገብቶኛል» ብለህ ትዘጋብኛለህ። እማዬም ብትሆን በስልክ ድምፅሽ የሌላ ሰው ይመስለኛል ትላለች፤ ደብዳቤ ሲነበብላት ግን እኔው ራሴ የመጣሁ ያህል ተደላድላ ታዳምጣለች። ስለዚህ አጠገቧ ተቀመጥና አንብብላት።

ጉዳዩ ያው የአምፑ ጉዳይ ነው። እንደነገርከኝ ያ ስንት መድረክ ያየው አሮጌ የጊታር ድምፅ ማጉያህ፣ አምፕህ፣ ድምፁ ሞቷል። የባንዳችሁ አለቃ፣ ከበሮ መቺው፣ አዳራሹ እድሳቱ አልቆ ሲከፈት የድሮ ድምፅህን ይዘህ ካልመጣህ ሌላ ጊታር ተጫዋች እፈልጋለሁ ብሎሃል። ጢም ሳታበቅል የገባህበት ባንድ ነው፤ ከዚያ ብትወጣ የት እንደምትገባ አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። እናም እዚህ ከሚገኙት ውስጥ ሁለት ዓይነት ጠቅሰህ አንዱን ምረጪልኝ፣ ጆሮሽን አምነዋለሁ አልከኝ። ጆሮዬን ከመቼ ወዲህ ማመን እንደጀመርክ አልገባኝም። ልጆች ሳለን ከጊታርህ ጋር ልዝፈን ስል «አንቺ ዝም ብለሽ አጨብጭቢ» ነበር የምትለኝ።

የመጀመሪያዋ የፋብሪካዋ ናት። ያቺን ፎቶዋን ከመጽሔት ቀደህ አልጋህ ራስጌ የለጠፍካትን የድሮ ሞዴል ያው ፋብሪካ እንደገና እያወጣት ነው፤ ተሸጦ ያለቀ መጽሐፍ እንደገና እንደሚታተም ማለት ነው። መልኳ ቁርጥ የድሮዋ ነው። ፊቷ ላይ ያ ብርማ ጨርቅ አለ፣ መዘውሮቹም እነዚያው ናቸው፤ እንደ ድሮ ሬድዮ የሚግሉት የመስታወት አምፖሎችም ከኋላዋ ይታያሉ። የምትሸጥበት ሱቅ ከአውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት ነው። ሻጩን ሰፈሩ ሁሉ አፈ ቅቤ ይለዋል። ገና በሩን ሳልዘጋ ወንበር ሰጠኝ፣ እህቴ አለኝ፣ ወንድምሽ ይህቺን ባገኘ ማግስት ስልክ ደውሎ ያለቅሳል አለኝ። ወንድሜ እንኳን በአምፕ በሽንኩርትም አያለቅስም አልኩት። ሳቀ፤ ሥራው ነው።

ሁለተኛዋ የተሠራችው ከእኛ ሥራ ቤት ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። እንደምታውቀው የእኛ ሥራ ሶፋና ወንበር ማልበስ ነው። ምድር ቤት ያለው አምፕ ሠሪ ግን ሣጥኖቹን የሚያለብስለት ስላጣ ወደ እኛ ያመጣቸዋል፤ የማለብሳቸውም እኔ ነኝ። ሰው ሠራሹን ቆዳ ለክቼ እቆርጣለሁ፣ ማስቲሽ እቀባለሁ፣ እጅ የማይዝ እስኪሆን ትንሽ አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ እየወጠርኩ በመዳፌ እየዳበስኩ አለብሰዋለሁ። አስቸጋሪው ማዕዘኑ ነው። እጥፋቱ ትንሽ ካበጠ ሣጥኑ የሰው ልብስ ተውሶ የለበሰ ይመስላል። ሰውየውን ዝምተኛው እንለዋለን። እሱ የድሮዎቹን አሠራር ይዞ፣ የራሱንም ነገር ጨምሮበት፣ እያንዳንዱን ሽቦ በእጁ እየበየደ ነው የሚሠራው። ሥራው አያልቅም፣ ወሬው ግን ሳይጀመር ያልቃል። አንድ ጊዜ እንደምን አደርክ ብዬው መልሱን ከምሳ በኋላ ነው የሰጠኝ።

ሁለቱንም ባየኋቸው ጊዜ አልተለዩኝም። ሌላ ሰው ሲጫወትባቸው ብሰማ ደግሞ የምሰማው የሌላ ሰው እጅ ነው። ይህንን ለዝምተኛው ነገርኩት፤ ወንድሜ መምጣት አይችልም፣ በጆሮዬ ልምረጥለት እንዴት አድርጌ አልኩት። ሰውየው መምጣት ካልቻለ እጁ ይምጣ አለኝ። ያኔ ነው ያንን መልእክት የላኩልህ፤ ጊታርህን ያለ አምፕ፣ በቀጥታ በሽቦ ከስልክህ ጋር አገናኝተህ ቅዳና ላክልኝ ያልኩህ። አንተም በነጋታው ላክህልኝ። ያለ አምፕ ደረቁን ስሰማው ብርጭቆ ውስጥ የገባች ዝንብ ነበር የሚመስለው። እዚህ ግን ያንኑ ቅጂ ወደ አምፑ ሲያስገቡት አንተ ራስህ ቆመህ እንደምትጫወት ሆኖ ይወጣል።

መጀመሪያ የወሰድኩት ወደ አፈ ቅቤ ነው። ስልኬን አገናኘው፣ መዘውሮቹን ነካ ነካ አደረገና ለቀቀው። ምን ልበልህ፣ አንተ ነህ። ያ የድሮው ድምፅህ፣ እየተጎተተ ሄዶ ጫፉ ላይ ፈገግ የሚለው ነገርህ ሁሉ ነበረበት። የጊታር ክር ሊገዛ የገባ ሰውዬ እንኳ ዞር ብሎ ተጫዋቹ ማነው አለ። ወንድሜ ነው ስል አፍ አውጥቼ መኩራቴን አልክድህም። እዚያው እንዲጠቀልልኝ ልነግረው ነበር። የተውኩት ዝምተኛው እንዳይቀየመኝ ብዬ ብቻ ነው፤ ከላይና ከታች እየሠራን ሳልሞክርለት ከሌላ ብገዛ ደግ አይሆንም።

እዚህ ላይ ጮክ ብለህ ማንበብህን አቁም። የቀረውን ለብቻህ አንብበው። እማዬ ምን ይላል ካለችህ ስለ ማጓጓዣ ነው በላት፤ የማጓጓዣ ወሬ ቶሎ ይሰለቻታል።

ምድር ቤት ወረድኩ። ዝምተኛው ያንኑ ቅጂ በእሱ አምፕ ለቀቀው። መጀመሪያ ማሽኑ የተበላሸ መሰለኝ። ዜማው ይመጣል፣ ይመጣል፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ እንደመሰናከል ይላል፤ የሆነ ድምፅ ሊመጣ ሲገባው ሳይመጣ ይቀርና ቀጣዩ ሮጦ ቦታውን ይሸፍናል። እንዲደግመው ጠየቅኩት። ደገመው። ማሽንህ ደህና ነው ወይ አልኩት። ማሽኑ ደህና ነው አለኝ። ከዚያ መበየጃውን አስቀምጦ፣ ወንድምሽ ጎበዝ ነው፣ ክፍተቱን ዞሮ ያልፋል፣ ግን የግራ እጁ ትንሿ ጣት አትመጣም አለ። በአንድ ቀን ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

አላመንኩትም። ከመደርደሪያው ጊታር አውርዶ ያንኑ ቦታ በአራት ጣት ተጫወተልኝ፤ ቀጥሎ ትንሿን አጥፎ በሦስቱ ተጫወተው። ሁለተኛው አንተ ነበርክ። ከነችኮላው፣ ከነመሸፈኑ፣ አንተው ነበርክ።

በማግስቱ እንደገና ወደ አፈ ቅቤ ሄጄ አዳመጥኩ። ያ መሰናከል እዚያም አለ፤ ብቻ ያቺ አምፕ ታለሰልሰዋለች፣ ከላዩ ትንሽ የገደል ማሚቶ ትጨምርበትና አልፋ ትሄዳለች። ውሸታም ናት አልልም፤ ይሉኝታ ያላት ናት። የዝምተኛዋ ደግሞ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። የሰጠሃትን ነው የምትመልስልህ።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ መጣልኝ። ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ ሚጣን በቀኝህ ብቻ አቅፈህ ግራህን ኪስህ ከትተህ ነበር። ደርሰህ ዘናጭ ሆንክ ብዬ ስቄብህ ነበር። አሮጌው አምፕም አልሞተም፣ አይደል? እሱ ላይ አሳበብክ እንጂ ደህና ነው። እኔን አዲስ አምፕ ምረጪልኝ ያልከኝም የሚሸፍንልህ እንዳገኝልህ ነው። አልፈርድብህም። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ይሆናል።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እኛ ጋ አንዲት ጨርቅ ቆራጭ አለች። የእጇ ጣቶች መደንዘዝ ሲጀምሩ ከሥራ እንዳያወጧት ፈርታ ደበቀች፤ መቀሱን በሌላ እጇ እየያዘች፣ ቀልድ እያስመሰለች ከረመች። በኋላ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ እንደጀመረሽ ብትመጪ ኖሮ ቀላል ነበር አላት። አሁን የምትሠራው መጥረግ ነው። ይህን የምጽፍልህ ላስፈራራህ አይደለም፤ እኔ ራሴ ስለፈራሁ ነው። ወንድም ጋሼ፣ በጣም ፈርቻለሁ። ሥራ ላይ ቁጭ ብዬ የገዛ ጣቶቼን ሳያቸው እውላለሁ።

ስለዚህ መረጥኩልህ። የዝምተኛዋን ነው የወሰድኩት። ጥቁር ስላልከኝ ጥቁር አልብሻታለሁ፤ ማዕዘኗን እየው፣ ጥፍርህን የምታስገባበት ክፍተት አታገኝም። ለምን እሷን እንደሆነ ደግሞ ልንገርህ። በፋብሪካዋ ብትጫወት ለጊዜው ታልፋለህ፤ ከበሮ መቺው ደስ ይለዋል፣ አንተም ደህና የሆንክ ይመስልሃል፣ እጅህ ግን ውስጥ ውስጡን እየባሰበት ይሄዳል። በዚህች ግን የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ሁሉም ይሰማሉ። ምናልባት ያስወጡህ ይሆናል። አያስወጡህም ብዬ ልዋሽህ አልችልም። ሐኪሙ ጣትህን ካዳነልህ ደግሞ ልትመለስ ስትል ከማንም ቀድማ የምትነግርህ ይህችው ናት። ያቺኛዋ የጣትህን መሄድ አልነገረችኝም፣ መመለሷንም አትነግርህም።

የተላከችው በመርከብ ነው፤ ቀስ ብላ ነው የምትደርሰው። እስክትደርስ ሁለት ነገር አድርግልኝ። ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ነገ ዛሬ አትበል። ቀጥለህ ከበሮ መቺውን ለብቻው አግኝተህ ራስህ ንገረው፤ ከአምፕ ከሚሰማው ከአንተ አፍ ቢሰማው ይሻላል። ስንት ዓመት ከጀርባህ ተቀምጦ ሲመታ የኖረ ሰው ነው፣ እስካሁን ሳይጠረጥር አልቀረም። ለቤተሰቡም የምትነግረው አንተው ነህ፤ እኔ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ብትቆጣኝ ተቆጣኝ። ደውለህ ብትጮህብኝም ስልኩን አነሳለሁ።

አሁን ድምፅህን አውጥተህ ማንበብ ትችላለህ።

ለባለቤትህ ብዙ ሰላምታ አቅርብልኝ። የላከችልኝን ሹራብ ሥራ ቤት ለብሼው ስገባ ሴቶቹ ሁሉ ገልብጠው ስፌቱን አዩት፤ እነሱ እንዲህ ሲያደርጉ አድናቆት ነው በላት። ቤት ውስጥ ብዙ ነገር በእሷ ጫንቃ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ አንተ እንኳ ባትላት እኔ ብያታለሁ።

ለሚጣ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ከሶፋ ልብስ ትርፍራፊ አንድ ዝሆን ሠርቼላት አምፑ ሣጥን ውስጥ ከትቻለሁ። አንዱ ጆሮው ከሌላው ይበልጣል፤ ጨርቁ አልበቃ ብሎ እንጂ ሆን ብዬ አይደለም። ስም እሷ ታውጣለት።

ፎቅ ላይ ላሉት ጎረቤታችንም ሰላም በልልኝ፤ ድስት ሲጥሉ የሚሰማው ድምፅ እዚህ ድረስ ናፈቀኝ።

እማዬ፣ አንቺን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ረስቼሽ አይደለም። ጉልበትሽን ጠብቂልኝ፣ ብርድ አይምታሽ፣ መድኃኒትሽን አልወስድም ብለሽ የወንድም ጋሼን ባለቤት አታስቸግሪያት። እኔ ደህና ነኝ፣ በደንብ እበላለሁ፣ በጊዜ እተኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ወንድም ጋሼ ይህን አንብቦልሽ ሲጨርስ ግራ እጁን በሁለት እጅሽ ያዥልኝ፣ ቶሎም አትልቀቂው። ለምን እንደሆነ እሱ ይነግርሻል።

እህትህ፣

ከምድር ቤቱ በላይ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ
በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ ሰኞ