አጥፍተነው ስለማይጠፋው አምፖል፣ ለጥድ በር መብራት ጽሕፈት ቤት

ለጥድ በር የመብራት ማከፋፈያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና ከወንበራቸው ሳይነቃነቁ የሚያገለግሉንን የባልደረቦችዎን ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። የዘንድሮው ውርጭ እንዳልጎዳዎ ተስፋ አለኝ፤ ባለፈው ስመጣ ቢሮዎ ውስጥ ያለውን ማሞቂያ አይቼ ስለ እርስዎ ደስ ብሎኛል።

እኔ ጌታነሽ ወዳጆ እባላለሁ፤ ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ በሚወስደው መንገድ፣ ከጥድ በር ገበያ በላይ ባለው መንደር እኖራለሁ። ባለቤቴ መሪጌታ አትናቴዎስ የብራና ጸሐፊ ናቸው። ይህን ደብዳቤ በገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው እርስዎን ለማሳፈር ከቶ አይደለም፤ ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መዝገብ ቤትዎ ውስጥ ስለጠፉ፣ ይህኛው ሌላ ሰው እጅ ቢገባ እንኳ የሚያነበው አያጣም ብዬ ነው።

አንደኛው ጉዳዬ ምስጋና ነው። በነሐሴ ነፋስ የወደቀውን የመንደራችንን ምሰሶ ሠራተኞችዎ በመስከረም መጨረሻ መጥተው በአንድ ከሰዓት በኋላ ተክለው፣ ሽቦውን ቀጥለው ሄደዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ መብራታችን ከመጠን በላይ ታማኝ ሆኖልናል፤ ብናጠፋውም አይጠፋም። ማጥፊያውን ስንጫን አምፖሉ ይደበዝዛል እንጂ አይጨልምም፤ አመድ እንደለበሰ ፍም ሆኖ ያድራል። መሪጌታ ዐይናቸው ስለደከመ ነጩን ኤል ኢ ዲ አምፖል ያስገባነው ለእሳቸው ሥራ ነበርና፣ መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልከፋቸውም። «ደግ ነው፣ በዳበሳ ስነሣ ቀለሜን አልደፋም» ብለው ሳቁ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ፀጋ ግን በእሷም ቤት እንዲሁ ስለሆነባት ካህን ጠርታ ጠበል አስረጨች። አምፖሉ ጠበሉንም ችሎ እንደበራ ቀረ።

ሁለተኛ፣ በኅዳር ወር ወደ ቢሮዎ ስመጣ በአክብሮት ስለተቀበሉኝ አመሰግናለሁ። ጉዳዬን ሰምተው ሲጨርሱ ምን እንዳሉኝ ምናልባት ረስተውት ይሆናል፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። «ሌላው ሰው መብራት ጠፋብኝ እያለ ያስቸግረናል፤ እርስዎ ደግሞ አልጠፋ አለኝ ይላሉ። እናንተን በምን እናስደስታችሁ?» አሉኝ። በክፍሉ የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ከሰው ላለመለየት ሳቅሁ። ከዚያም ምክር ሰጡኝ፦ «አምፖሉ ጥራት የለውም፤ ይቀይሩት።»

ምክርዎን ለመሪጌታ አደረስሁ። በማግስቱ ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አዲስ አምፖል ይዘው በርጩማ ላይ ወጡ። ጠንቃቃ ሰው ስለሆኑ አስቀድመው ማጥፊያውን አጠፉ፤ «ጠፍቷል?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም ማጥፊያውን አይቼ «ጠፍቷል» አልሁ። ይህን ቃል ያወጣሁት እኔው ስለሆንሁ በዚህ በኩል ጽሕፈት ቤትዎን አልከስስም። አሮጌውን አምፖል ፈትተው ሊያወጡ ጣታቸው የአምፖሉን ብረት አንገት ሲነካ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኹ። ከበርጩማው ተወርውረው ወለሉ ላይ ሲያርፉ ቀኝ እጃቸው ከገላቸው በታች ነበር።

በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ወስጄ አሳከምኋቸው። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። ሐኪሙ ሳይደብቅ «ከዚህ በላይ አይመለስም» ብሎናል። ለደብራችን ይገለብጡት የነበረው የብራና መጽሐፍ ስድስት ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። ቤት እንደገባን የበግ ጠጉር ባናቸውን ለብሰው ተቀመጡና የመጻፊያውን መቃ አምጪልኝ አሉኝ። በጣቶቻቸው መካከል ሻጥሁላቸው፤ ወደቀ። ደግሜ ሻጥሁት፤ ወደቀ። «ጌታነሽ፣ የቀረው እኮ አሥራ አንድ ገጽ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ብራናውን ጠቅልዬ ከሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ሲያዩት ምግብ እንቢ ስለሚሉ።

ሦስተኛውን ጉዳይ ለማስረዳት እኔ ባለሙያ ስላልሆንሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በከተማችን የቤት መስመር የሚዘረጋው ምንይሉ መጥቶ ነበር። በመጀመሪያ ማጥፊያው ላይ ያለችውን ቀይ ምልክት መብራት ነቅሎ አየ፤ አምፖሉ እንደበራ ነው። ቀጥሎ ሌላ ማጥፊያ ገጠመ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ማጥፊያውን አጥፍቶ፣ መብራት ባላት መፈተሻ ካቻቢቴው አምፖሉ የሚታሰርበትን ፖርታላምፓዳ ነካ፤ ካቻቢቴዋ በራች። ፊቱ ተለዋወጠ።

«እትዬ ጌታነሽ፣ ምሰሶውን የተከሉት ሰዎች ሁለቱን ሽቦዎች አለዋውጠው ቀጥለዋቸዋል» አለኝ። «ማጥፊያችሁ የሚያቋርጠው ባዶውን ሽቦ ነው። ኃይል ያለው ሽቦ አጠፋችሁም አላጠፋችሁም አምፖሉ ዘንድ ቁጭ ብሏል። ጭላጭሏ የምትመጣው ከዚያ ነው።»

«ብሬከሩን ባወርደውስ?» አልሁት።

«እሱም የሚያቋርጠው ያንኑ ባዶውን ነው።»

ይህን ስሰማ በዚያው ምሰሶ መብራት ወደሚያገኙት ዘጠኝ ቤቶች ሁሉ በእግሬ ዞርሁ። ማንም ሰው አምፖሉን እንዳይነካ ለመንሁ። ወይዘሮ ፀጋ «ሲቃጠልብንስ?» አለችኝ። በጨለማ መቀመጥ ነው አልኋት። ጽሕፈት ቤትዎ ሊለጥፈው ይገባ የነበረውን ማስጠንቀቂያ ያለ ፈቃድ በቃል በማሰራጨቴ ጥፋት ካለብኝ ለመቀጣት ዝግጁ ነኝ።

ምንይሉ ከቆጣሪያችን በታች ሽቦዎቹን መልሶ ሊያለዋውጥልን ፈቃደኛ ነበር። የላኩልን የሦስት ሰው ኮሚቴ ግን ቀደመው። ኮሚቴው በጠራራ ፀሐይ መጥቶ፣ አምፖሉን ቀና ብሎ አይቶ፣ በቀን ብርሃን ጭላጭሉ ስላልታየው «ችግሩ አልተረጋገጠም» ብሎ ቃለ ጉባኤ ጻፈ። መፈተሻ ይዘው እንደሆነ ምንይሉ ሲጠይቃቸው ሰብሳቢው «እኛ የመጣነው ለማየት ነው እንጂ ለመነካካት አይደለም» አሉት፤ ከመላው ጉዳይ ይህ ብቻ እውነተኛ ጥበብ ያለበት ቃል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሲወጡም የውጩ መስመር ተጣርቶ እስኪያልቅ የውስጡ እንዳይነካ ብለው የቆጣሪውን ሣጥን በማኅተም አሽገውልን ሄዱ። ይኸው ሦስት ወር አለፈ። የሚያጣራ አልመጣም፤ ማኅተሙም እንደታሸገ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ የምጠይቀው ካሣ የለም። የመሪጌታን እጅ ይመልሱልኝ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ያ ከሥልጣንዎ በላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለት ሽቦ ማለዋወጥ ግን ከሥልጣንዎ በላይ ነው ብዬ ማመን ከብዶኝ ነበር፤ አሁን ግን ቀስ በቀስ እየለመድሁት ነው። እኛ ቤት አንዱ አምፖል ተቃጥሏል፤ የሚቀይረው የለም። ያልተቃጠለው ደግሞ ከራስጌያችን በላይ ያችኑ ደብዛዛ ብርሃኑን ይዞ ያድራል። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ሰፊ መዝገብ ቤት፣ ለኮሚቴዎ አባላትም ጥሩ ዐይን እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ሳላስነሣዎ በታላቅ አክብሮት እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አምፖል ከማይነኩት ዘጠኝ ቤቶች አንዷ፣
ጌታነሽ ወዳጆ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ስወጣ የጽሕፈት ቤትዎን ምላሽ በር ላይ ተቀበልሁ፤ ስለ ትጋትዎ በመጠራጠሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምላሹ እንደሚለው፣ መስመሩ የሚስተካከለው ውሉ በስማቸው ያለው መሪጌታ አትናቴዎስ ውል ሲገቡ ከፈረሙት ጋር በትክክል የሚመሳሰል ፊርማ ሲያቀርቡ ብቻ ነው። መሪጌታም ምላሹን ሰምተው ወረቀት ጠየቁኝና ቀኑን ሙሉ በግራ እጃቸው ስማቸውን ለመጻፍ ሲለማመዱ ዋሉ። የጻፏቸውን አሥራ ሰባት ፊርማዎች በሙሉ አያይዣለሁ፤ እባክዎ እሳቸውን የሚመስለውን ይምረጡላቸው።