የመኪናው አበልጅ

ኤል አልቶ፣ ማክሰኞ፣ ኦገስት 20

የልቤ ልጅ ኒልዳ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የምትጠብቂያቸው ሽማግሌ ሳላቸው ተሻላቸው? አንቺስ ምሳሽን ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ ወይስ እንደ ድሮው ቆመሽ ነው? እኔ ጉልበቴ በብርድ ያጉረመርማል እንጂ ደህና ነኝ። ድንቹንም የውርጩ ወቅት ሳያመልጠን በብርዱ አድርቀን አስገብተናል።

ይህን የምጽፈው በስልክ ስንነጋገር ወንድምሽ ሁልጊዜ ከጎኔ ስለሚቀመጥ ነው። የጎረቤታችን የኤሊያና ልጅ ሐሙስ ወደ ቫሌንሲያ ስለምትበር በእጇ ታደርስልሻለች። ፊደሌ ቢንጋደድ ያነበብኩትም የጻፍኩትም በእናንተ ደብተር ትርፍ ገጽ ላይ ተምሬ መሆኑን አስቢና ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ ሊምበርት አሁን ግቢ ውስጥ መኪናውን እያጠበ ያፏጫል። ነገ ጎህ ሲቀድ የመጀመሪያ ተራው ነው፤ ሰው ሞልቶ የዩንጋስን ቁልቁለት ይወርዳል። አባታችሁ የቀረበትን ቁልቁለት። በዚያ መኪና እንዲወርድ አልፈልግም፤ እንዴት እንደማስቆመው ግን አላውቅም። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አንቺ የላክሽው ገንዘብ ለመኪናው ይበቃ ነበር። ግን በመኪና ሻጮቹ ግቢ ውስጥ መኪና ብቻውን የቆመ የለም። ሁሉም ዕቃ ተገጥሞለታል፤ መስታወቱ ጥቁር ፊልም ለብሷል፣ ከላይ የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ፣ ከፊት እንደ በሬ ቀንድ የወጣ ብረት፣ ከውስጥ ደግሞ ሌባ ቢነሣበት ሞተሩን ቀጥ የሚያደርግ አላርም።

«ባዶውን ከፈለጋችሁ ይመጣል» አለ ኡባልዶ የሚባለው ሻጭ።

«መቼ?» አለ ሊምበርት።

«እግዜር ያውቃል፤ ከገና በኋላ ይሆናል። ይሄ ግን ለባብሶ ጨርሷል። ዛሬውኑ ቁልፉን ይዛችሁ ትወጣላችሁ።»

«ልብሱን አውልቃችሁ መስጠት አይቻልም?» አልኩት እኔ።

ሳቀ። «እናቴ፣ ሙሽራ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ታወልቃለች እንዴ?»

ሊምበርትም አብሮት ሳቀ፤ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። የዕቃው ዋጋ ሲደመር ገንዘቡ ጎደለ። ለታርጋና ለቀረጥ ነው ብሎ የደወለልሽ ያን ቀን ነው። ታርጋ አልነበረም፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። አንቺ ለሙታን ቀን ልትመጪበት ያስቀመጥሽውን ላክሽና «ለከርሞ እመጣለሁ» አልሽ። ያ ሁሉ ብረትና ላስቲክ የበላው ያንቺን መምጣት ነው።

ወንድምሽ ግን ዘዴ አገኘሁ ብሎ ነበር። «ሻጩን የመኪናው የክርስትና አባት አድርገነው አበልጅ ከሆነ ይቀንስልናል፤ ነገ ብልሽት ቢመጣም አያሳፍረንም» አለኝ። ኡባልዶም ደስ ብሎት እሺ አለ። ለአበልጅነቱ ብሎ የወንበር ልብስ ጨመረልን፤ እሱንም አስከፈለን።

ቅዳሜ ለቡራኬ የሐይቋ እመቤት ዘንድ ኮፓካባና ሄድን። የላክንልሽን ፎቶ አይተሻል፤ ኮፈኑ ላይ ያሰርነው ጉንጉን አበባ፣ ኡባልዶ በኮፍያው። ፎቶው ላይ የሌለውን ልንገርሽ። ቄሱ ጸበሉን ረጭተው ወደሚቀጥለው መኪና ሲያልፉ ኡባልዶ የቢራ ጠርሙስ እየናጠ መጣ።

«ኮፈኑን ክፈት እንጂ አበልጅ! ላዩ ብቻ ጠጥቶ ልቡ ይጠማ?»

ሊምበርት ከፈተ። ከባትሪው አጠገብ በናስትሮ የተጠቀለለ ጥቁር ሳጥን አለ፤ የአላርሙ ነው። ላዩ ላይ በትንንሽ ቀይ ፊደል «እርጥበት አይንካው» ይላል። ጠርሙሱ ሳይዘነበል አንብቤ ጨርሼ ነበር። ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ርችት ይተኮሳል፣ ቄሱም ገና ቅርብ ናቸው። እኔ ሰው ፊት ድምፅ ማውጣት እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። አላስቆምኩትም። ቢራው ለምድር እናታችን ተብሎ ፈሰሰ፤ አብዛኛው ሳጥኑ ላይ ወረደ።

ኡባልዶ ከጓደኞቹ ጋር እዚያው ቀረና እኛ ተመለስን። የሐይቁ መሻገሪያ ቲኪና ስንደርስ እኔ ከሌሎቹ መንገደኞች ጋር በጀልባ ቀድሜ ተሻገርኩ፤ ሊምበርት መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ መኪና በሚያሻግረው የጣውላ ታንኳ ተከተለኝ። ዳር ቆሜ እያየሁት ነበር። ታንኳው ከዳርቻው ተጠጋ፤ የፊት ጎማዎቹ መሬት ረገጡ፤ የኋላዎቹ ገና ጣውላው ላይ ናቸው። ያኔ አላርሙ ጮኸ፤ ሞተሩ ቀጥ አለ። መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ፤ ታንኳውም ተገፍቶ ከዳርቻው ይርቅ ጀመር።

«ፍሬን ያዝ!» አለው ባለታንኳው።

«ይዣለሁ! ሞተሩ ሲጠፋ ድንጋይ ሆኗል! መሪውም እምቢ አለ!»

ባለታንኳው አንድ ግንድ አንሥቶ ከኋላ ጎማው ሥር ሸጎጠ፤ ግንዱ ሲሰነጠቅ ሰማሁት። ሊምበርት የእጅ ፍሬኑን ሳበና ቆመ። ሰዎች ገመድ አምጥተው ጎተቱት። ባለታንኳው ላቡን እየጠረገ፣ «ጌታው፣ መኪናህ ባሕር ኃይል መግባት አምሮታል መሰለኝ» አለው። ሁሉም ሳቀ፤ ሊምበርትም ሳቀ። እኔ የትከሻ ጨርቄን ጨብጬ ውሃውን አየሁ።

ትናንት ወደ ሻጩ ሄድን። ኡባልዶ ኮፈኑን ከፍቶ አሸተተና ዘጋው።

«ፈሳሽ ገብቶበታል። ዋስትናው ፈሳሽን አይሸፍንም።»

«አበልጅ፣ አንተው አይደለህ እንዴ ያፈሰስከው?»

«ቅዳሜ አበልጅህ ነኝ፤ ሰኞ የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ።»

«እንግዲያው ነቅዬ እጥለዋለሁ!»

«ያንተ ጉዳይ ነው። ሌላ እጅ ከነካው ግን የሞተሩም ዋስትና አብሮ ይሄዳል። ፀሐይ ላይ አቁመው፣ ይደርቃል።»

ፀሐይ ላይ አቆመው። ዛሬ ጠዋት ተነሣለት፤ ደረቀ አለኝ። ዶን ማካሪዮ፣ የማዕዘኑ ኤሌክትሪሺያን፣ ሳጥኑን እንዲነቅለው ወንድምሽን ለመንኩት። «እማዬ፣ ዋስትናውን ካጣሁ ኒልዳን በምን ዓይኔ አያታለሁ? የላከችው ሁሉ አፈር በላ ልበላት?» አለኝ። አየሽ፣ ልጄ? ቁልቁለቱን ሳይሆን አንቺን ነው የፈራው።

አባታችሁ ሲሪሎ ዋስትና ያለው መኪና ኖሮት አያውቅም። ግን ከመውጣቱ በፊት ጎማው ሥር ተንበርክኮ ሲያይ አንድ ሰው ፍሬኑን ይረግጥለት ነበር። ብዙውን ጊዜ እኔ ነበርኩ። መቃብሩ ላይ ሆነሽ «ያን ቀን ማን ረገጠለት?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ጎረቤቱ ነው አልኩሽ።

ፉጨቱ ቆሟል። ሄጄ አንድ ጊዜ ደግሜ ልለምነው።

*

ተመልሻለሁ። መሽቶብኛል፤ ጽሑፌን ታገሺው።

ስወጣ ሊምበርት ከአረፋው መሃል ነበር። «ልጄ፣ ና አንዴ ተቀመጥ፤ የምነግርህ አለ» አልኩት።

ቀና ሳይል፣ «ቆይ እማዬ፣ እጄ ሳሙና ነው፤ ተራዬ እንዳያልፍ ዛሬ ልጨርሰው» አለኝ።

እጄ ሳሙና ነው። ተራ እንዳያልፍ። ኒልዳ፣ እነዚህን ቃላት አውቃቸዋለሁ። አባታችሁ በቀረበት ቀን ጠዋት ከማን አፍ እንደወጡ፣ ለማን እንደተባሉም አውቃለሁ። ያን የፊት ብረት ይዤ ቆምኩ፤ ለአንድ ነገር እንኳ ጠቀመ።

ከዚያ ነገርኩት። የነገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ሊምበርት ቧንቧውን ዘጋ። አረፋው ክንዱ ላይ ደረቀ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። መጨረሻ ላይ እጁን በሱሪው ጠረገና በሩን ከፍቶ ወጣ። የሄደብኝ መስሎኝ ነበር። ሲመለስ ዶን ማካሪዮን ከነመፍቻው ይዞት መጣ።

ዶን ማካሪዮ ኮፈኑ ሥር አጎንብሶ፣ «ይህን የገጠመው ሰው ነው ወይስ ዶሮ?» አለ። ሳጥኑን ነቅሎ ሲከፍተው ቢራው ጠብ ጠብ አለ፤ ከውስጡ አንዲት የአበባ ቅጠል ወጣች። «ቅዳሜ የጠጣው እስካሁን አልበረደለትም» አለና አጨበጨበ። ሊምበርት በዚህ ጊዜ አልሳቀም።

ዋስትናው ሞተ ማለት ነው። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ፣ የሾርባ ሳህን ውስጥ ተቀምጧል፤ ቤቱ ቢራ ቢራ ይሸታል። ወንድምሽ የታርጋውን ነገር እሑድ ራሱ ሊነግርሽ ምሏል። ሲነግርሽ እንዳልሰማሽ ሆነሽ ስሚው፤ ስትቆጪው ግን እኔንም ጨምሪ፤ አጠገቡ ነበርኩ።

ዶን ማካሪዮ ሲሄድ ሊምበርት ሞተሩን አስነሣና ከመኪናው ወረደ። «ነዪ እማዬ፣ ግቢና ፍሬኑን ርገጪልኝ» አለኝ። ከአባታችሁ ወዲህ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ጎማው ሥር ተንበረከከ። ፍሬኑን ረገጥኩት።

«ልቀቂ። ድገሚ። ጠንካራ ነው?»

«ጠንካራ ነው፤ ግን ይታዘዛል።»

«በቃ እማዬ፣ ልቀቂ» አለኝ። አልለቀቅኩም። ተነሥቶ መጥቶ እጁን ጉልበቴ ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ ረግጬ ቆየሁ።

ነገ ይወርዳል። ጎህ ሲቀድም እኔ ነኝ የምረግጥለት፤ እጄ ምንም ላይ ቢሆን ጥዬው እወጣለሁ።

አንቺ ከእንግዲህ በዚህ መኪና ላይ የሚገጠም ነገር ቢጠይቅሽ አንድም ሳንቲም እንዳትልኪ። ለትኬትሽ አስቀምጪው። የሐይቋ እመቤት በሄድሽበት ትቅደምልሽ፣ እጅሽ የነካቸውን ሽማግሎች ሁሉ ምርቃት ትስጥሽ፣ እንጀራሽን ቁጭ ብለሽ የምትበዪበት ቀን ታምጣልሽ። ስትመጪ አበባ ይዘን አባታችሁ ዘንድ እንሄዳለን። ያን ቀን ፍሬኑን ረገጠለት ስላልኩሽ ጎረቤትም እውነቱን እዚያው፣ እሱ እየሰማ እነግርሻለሁ።

እናትሽ
ፎርቱናታ