በጓዳ የተሠራ ደጋን

ታዴዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፤

እንዴት ሰነበትክ ልልህ ነበር፤ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ደግሞ! ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። የአሰላ ብርድ እንደምታውቀው ነው። እዚያ ብርድ የለም ይሉናል፤ እስቲ ይሁን።

እኔ አለሁ። ልጅህም አለ፤ ግን ለሰው አለ ማለት አልችልም። ለጠየቀኝ ሁሉ አዲስ አበባ አክስቱ ጋ ሄዷል እላለሁ። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ከተጠራ ወዲህ ጓዳ ውስጥ፣ ከባዶው ጎተራ ጀርባ ነው የሚውለው።

አንተ ከሄድክ ወዲህ የምንበላው ጥጥ ነድፌ፣ ፈትዬ ለሸማኔ እያስረከብኩ ነው። ባለፈው የቀበሌ ጥበቃዎች ለፍተሻ ሲመጡ ደንግጬ፣ የሠራህልኝን የጥጥ መንደፊያ ደጋን ጅማቱን ሳልፈታ ተውኩት። ስንቴ ተቆጥተኸኛል፤ ሥራ ሲያበቃ ጅማቱን አላልተሽ እንጨቱም ይረፍ እያልክ! አድሮ ተሰነጠቀ። ያለ ደጋን ጥጡ እንዴት ይፍታታ? ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለደጋኑም ላንተም።

ልጅህ አየኝና ከጓሮ የክትክታ እንጨት ቁረጪልኝ አለኝ። አመጣሁለት። ጓዳው ጠብቦት እጁን እንኳ አይዘረጋም፤ ስለዚህ ካንተ ደጋን አሳጥሮ ክንድ ከስንዝር አደረገው። ያጠረ እንጨት ሲጎብጥ ቶሎ ይሰበራል ብሎ መሐሉን ወፍራም ተወው፣ ግራና ቀኙን አቀጠነው። መጥረቢያ ድምፁ ይሰማል፤ በጠርሙስ ስባሪ ነው የፋቀው። ትንሽ ይፍቅና ጉልበቱ ላይ ደግፎ ያጎብጠዋል፤ አንዱ ወገን ከደነደነ እንደገና ይፍቃል። አቤት፣ አንተን ሲመስል! ምላሱን በከንፈሩ ጠርዝ አውጥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ። እንጨት ስትጠርብ አጠገብህ ተቀምጬ የምስቅብህ ትዝ አለኝ። በመጨረሻ ጫፎቹን እንዳንተ ወደ ኋላ ቀልበስ አደረጋቸው። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ አየሁት እንጂ መዘዙን አላሰብኩም።

ትናንት ጎረቤታችን ዘይቱና መጣች። ታውቃታለህ፤ ወንድሟ የቀበሌ ጥበቃ ሆኗል፤ የገዛ ልጇ ደግሞ ሰሜን ዘምቶ ድምፁ ጠፍቷል። ደጋኑን አንስታ አገላብጣ አየችው። እንጨቱ ገና ነጭ ነው። ጫፉ ግን ያንተ እጅ ነው፤ በሰፈሩ እንዲህ የሚቀለብስ ካንተ በቀር ማን ነበረ? አንተ ደግሞ አፈር ውስጥ ነህ፤ የሚቀረው ልጅህ ብቻ ነው። ታዴ ድሮ ሠርቶ ያስቀመጠው ነው ብዬ ቀባጠርኩ። ከዚያ ቅቤ አምጪ አለችኝ። ቅቤውን ከምድጃው ጥላሸት ጋር ለውሳ፣ ደጋኑን እስኪጠቁር አሸችው። ያ ረቢ፣ አሮጌ ነገር አሮጌ ይምሰል እንጂ ብላኝ ወጣች።

አዘነችልኝ ወይስ ልታወጣጣኝ ነው? ልጇ የጠፋባት እናት የሰው ልጅ አሳልፋ አትሰጥም እላለሁ። መልሼ ደግሞ፣ የእኔ ሄዶ የእሷ ለምን ይቀራል ብትልስ እላለሁ። አርቦዬ ከተማ ወንድሜ ጋ እንዳልሰደው በየኬላው ፍተሻ ነው። እዚሁ እንዳላስቀምጠው ያው እንደነገርኩህ ነው። አንተ ብትኖር አንዱን ትቆርጥ ነበር፤ እኔ ግን አቃተኝ። ዛሬም ጥጤን እነድፋለሁ፣ ጆሮዬ ግን በር ላይ ነው።

ደግሞ ሰሞኑን በሕልሜ እየመጣህ ልጄ የታለ ትለኛለህ። ሙት ሲጠይቅ ደግ አይደለም፣ ታዴዬ፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። መናፈቅህ አይጠፋኝም። ብቻህን ከሆንክ እኔን ጥራኝ፤ ቅር አይለኝም።

ሙት ዓመትህን አላስታጎልኩም፤ ስምህንም ከጸሎቴ አልለየሁም። እኔ እስክሞት አልረሳህም። አንተ ግን ስለ እመብርሃን፣ ልጅህን ለጊዜው እርሳው።

ያንተዋ አስካለ