ለዳኛው ሹመት እልል ያለችው እናቴ

ለተከበሩ የዳኞች መልማይ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ ቀጥሎም የወንበርዎን ጤና አጥብቄ እመኛለሁ። እኔ በፒያሳ፣ ከአትክልት ተራ ከፍ ብሎ ባለ ግቢ ተወልጄ ያደግሁ የሕግ ምሩቅ ነኝ። የምጽፍልዎት ለምስጋና ስለሆነ ሳይሰጉ ያንብቡልኝ።

፩. የዕጩ ዳኞችን ስም ለጥፈው የሕዝብ አስተያየት ስለጠየቁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የተጠየቀ ይመልሳል ብዬ፣ አቶ ኃይለየሱስ የተባሉት ዕጩ እናቴን ወይዘሮ አይናዲስን ከኖረችበት ቤት ለማስወጣት የከሰሳት ነጋዴ ጠበቃ መሆናቸውን፣ እናቴም በሥር ፍርድ ቤት ተረትታ ይግባኝ ማለቷን፣ ስለዚህ ቢሾሙ እንኳ ይግባኟ ወደሚታይበት ችሎት እንዳይመደቡ ጽፌ አስገባሁ። ኮሚቴዎ በዕጩው ላይ አንድም ተቃውሞ እንዳልቀረበ በሹመቱ ቀን በይፋ ሲገልጽ፣ የጻፍሁት ተቃውሞ ሳይሆን ምኞት እንደነበር ተረዳሁ።

፪. እኚሁ ሰው በዚያው ችሎት ሰብሳቢ ሆነው ስለተመደቡልንም እናመሰግናለን። መዝገቡን ለማጥናት አይቸገሩም፤ ግማሹን የጻፉት እርሳቸው ናቸውና። ከችሎት ይነሱልን ብለን ስናመለክት ማመልከቻው ወደ እርሳቸው ተመራ፤ እርሳቸውም ራሳቸውን በጥሞና መርምረው ገለልተኛ ሆኖ አገኙት።

፫. ይህኛው እንኳ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ተሿሚው የሰፈራችን ልጅ ስለሆኑ ዕድሩ የደስታ ድንኳን ጣለላቸው። በሰፈሩ ሠርግ ሁሉ እልልታ የምታስጀምረው እናቴ ስለሆነች እርሷም ተጠራች። አትሄጂም ብዬ በሩ ላይ ብቆም፣ ዳኛ የሚያየው የመጣውን ሳይሆን የቀረውን ነው ብላኝ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ተከትያት ሄድሁ። ቤቷን ሊያስለቅቋት የተከራከሩትን ሰው ሹመት ያዳብር እያለች፣ ከሰው ሁሉ በላይ እልል አለች፤ ተሿሚውም ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እጅ ነሷት። ሕግ እንድማር ያደረገችኝ እርሷ ናት። በዚያች ሰዓት ግን ከተማርሁት አንቀጽ ሁሉ ያንን እልልታ የሚያስቀርላት አንድ እንኳ አጣሁ።

ከዚህ በኋላ ከእርስዎ የምጠይቀው የለም፤ የጠየቅሁበት በር ሁሉ መልሶ ወደ እርሳቸው ይከፈታልና። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ያወጣሁትም ምላሽ ጠብቄ ሳይሆን፣ ዛሬም አንድም ተቃውሞ አልቀረበም ሲባል ቢያንስ አንባቢ እንዲስቅ ነው።

ሹመትዎ እንዲሰነብት ከመመኘት በቀር ሌላ መብት ያልቀራት፣ ስሟን ግን የማትደብቅ አክባሪዎ፣

ፀደንያ እምሩ
ከፒያሳ

ማስታወሻ፦ እናቴ ከድንኳኑ ወዲህ ድምፅዋ ተዘግቷል። ማክሰኞ ችሎት ፊት ስትቆም ዝም ካለች፣ የምትለው የላትም ተብሎ እንዳይመዘገብባት አደራ። የነበራትን ድምፅ ለዳኛው ሹመት ጨርሳዋለች።